የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው? የዋሽንግተኑ ዩ ስትሪትና ሻው

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ የሚኖር አበሻ ዩ ስትሪትን ያውቃል። ከ9ኛው ጎዳና እስከ 14ኛው ድረስ ስንቱ ክትፎ በልቷል፣ ስንቱ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳውን ይዞ ዞሯል። ሰፈሩ ከእኛ በፊት የማን እንደነበረ ግን ብዙም አናወራም። እንዴት ለእኛ ክፍት እንደሆነ፣ ኋላም ብዙዎቻችን ለምን ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እንደሄድን አናነሳም።

ዩ ስትሪትና ከጎኑ ያለው ሻው በመቶ ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሰው ቀይረዋል። የነዋሪው ገቢ ወጥቷል፣ ወርዷል፣ እንደገና ሽቅብ ተተኩሷል። ሰው ይህን ሲያወራ እንደ ክረምትና በጋ በራሱ ጊዜ የመጣ ያስመስለዋል። እኔ ግን በየደረጃው የሚታየኝ የሰው ውሳኔ ነው፦ ሕግ፣ የባቡር መስመር፣ የግብር ቅናሽ። በእያንዳንዱ ዙር ማን ቀረ፣ ማን ወጣ የሚለውን ደግሞ ከምንም በላይ የለየው የቤቱ ካርታ በማን ስም መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪሙና ልብስ አጣቢዋ

ሰፈሩ የቆመው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1867 ተመሠረተ። ባርነት ከቀረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። በዙሪያው አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ጠበቃና የመንግሥት ጸሐፊ የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ሰፈሩ። ከእነሱ ጋር ደግሞ አስተናጋጅ፣ አናጢ፣ ልብስ አጣቢና የቤት ሠራተኛ።

ሀብታምና ድሃ ጎን ለጎን የኖረው ወዶ ብቻ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዋሽንግተን በዘር የተከፋፈለች ከተማ ነበረች። ጥቁር ሰው ገንዘብ ኖሮት እንኳ በመሃል ከተማ ብዙ ምግብ ቤቶችና ቲያትር ቤቶች አይገባም። በብዙ ሰፈር ደግሞ የቤት ሽያጭ ውሉ ላይ «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል አንቀጽ ይጻፋል። ሐኪሙ ሌላ ቦታ ቤት መግዛት ስላልቻለ ከአጣቢዋ ሁለት በር አልፎ ይኖራል። ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ።

ብሩም እዚያው ሰፈር ውስጥ ይሽከረከር ነበር። የትሩ ሪፎርመር ሕንፃ በ1903 ሲሠራ ገንዘቡም፣ አርክቴክቱም፣ ግንበኛውም ጥቁር ነበር። ሃዋርድ ቲያትር በ1910 ተከፈተ። በ1913 በጆን ዋይትሎው ልዊስ የተመሠረተ ባንክ መጣ፤ እሱው በ1919 ዋይትሎው ሆቴልን ከፈተ። በ1922 ሊንከን ቲያትር ተጨመረ። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚህ ነው። ሰዉ በኒውዮርኩ የቲያትር መንገድ ስም መንገዱን «ብላክ ብሮድዌይ»፣ ጥቁሩ ብሮድዌይ፣ አለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የእኛ ሰው ዩ ስትሪት አካባቢ የደረሰው ከምግብ ቤት ጋር ይመስለናል። ነገር ግን ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ከሃዋርድ ሕክምና የተመረቁት በ1935 ነው። ጣልያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ማለት ነው። ኋላ ለኢትዮጵያ ድጋፍ የሚያሰባስበውን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በ1937 ኒውዮርክ ላይ ሲመሠርቱ ከጎናቸው የቆሙት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ሃዋርድ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። በኋላ ስለመጣው የመንገድ ስም ጭቅጭቅ (ከታች እደርስበታለሁ) ሳስብ ይህ ሁሉ ትዝ ይለኛል።

ታዲያ ያ ሰፈር መቼ ነው ገቢው መውረድ የጀመረው? ብዙ ሰው የ1968ቱን ረብሻ ይጠቅሳል። ነገሩ ግን ከዚያ ይቀድማል። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘርን እየለዩ ቤት የሚከለክሉትን ውሎች ፍርድ ቤት ማስፈጸም እንደማይችል ወሰነ። ከጉዳዮቹ አንዱ ከዚሁ ከዋሽንግተን፣ ከሃዋርድ አጠገብ ካለው ከብራያንት ስትሪት የተነሳ ነበር። በ1954 የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የዘር መለያየት ሕገ ወጥ ተባለ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው መውጣት የሚችለው ነው። ሐኪሙና ጠበቃው ሰፋ ያለ ግቢ ወዳለበት ሄዱ፤ ቀጥሎ ያለው ትውልድ ድንበር ተሻግሮ ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ገባ። ያ ካውንቲ በ1990 ቆጠራ ከግማሽ በላይ ጥቁር ሆኗል፤ ደኅና ገቢ ያለው የጥቁር አሜሪካውያን መኖሪያ በመሆንም ይታወቃል።

ፍትሕ ነው፤ ማንም ሰው በዘሩ ምክንያት አንድ ሰፈር ታጥሮ መኖር የለበትም። ሰፈሩ ላይ የቀረው ግን ከበፊቱ ይልቅ ድሃ የሆነ ነዋሪ ነበር። ደንበኛውም፣ ዕቁቡም፣ የቤተ ክርስቲያን መባውም አብሮ ሳሳ።

እሳቱና ቤተ ክርስቲያኖቹ

ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ላይ ተገደሉ። ዜናው ሲሰማ ሕዝብ የተሰበሰበው 14ኛውና ዩ ጥግ ላይ ነው። ቁጣው ወደ ዘረፋና እሳት ተለወጠ። ለቀናት ቀጠለ። ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከ1 ሺህ በላይ ሕንፃዎች ተጎዱ፣ ከ13 ሺህ በላይ ወታደር ከተማዋ ገባ። 14ኛው፣ 7ኛውና ኤች ስትሪት ተቃጠሉ።

ብዙ የተቃጠለ ቦታ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ባዶውን ቆመ። ባንክ አያበድርም፣ ኢንሹራንስ አይገባም፣ ባለ ንብረቱ አይመለስም። ሄሮይን፣ ቀጥሎ ክራክ የሚባለው ኮኬይን መጣ። በ1991 በዋሽንግተን ብቻ ከ470 በላይ ሰዎች ተገደሉ። የከተማዋ ሕዝብ በ1950 ከነበረበት 802 ሺህ በ2000 ወደ 572 ሺህ ወረደ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ የመጣው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ባዶ ቦታ ነው።

በዚህ መሃል ግን ብዙም የማይነገር አንድ ሥራ ተሠርቷል። ታሪኩ የሚጀምረው በሌላ ሰፈር ነው። በ1950ዎቹ መንግሥት «ከተማ ማደስ» ብሎ ደቡብ ምዕራብ ዋሽንግተንን ከሥሩ አፍርሶ 23 ሺህ ያህል ሰው አፈናቅሏል። አብዛኛው ጥቁርና ድሃ ነበር። ብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ሰፈራቸው አልተመለሱም። በ1966 የማደስ ዕቅዱ ወደ ሻው ሲዞር የኒው ቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ዋልተር ፎንትሮይ «እኛ ሳናውቅ አይሆንም» አሉ። ነዋሪውንና አብያተ ክርስቲያናቱን ያሰባሰበ ድርጅት አቋቋሙ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ የሚሠራው ቤት እዚህ ለሚኖረው ሰው ይሁን።

ከእሳቱ በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱ በፌዴራል ድጎማ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች አፓርታማ ገነቡ። 7ኛው ጎዳና ላይ ያለው ሊንከን ዌስትሞርላንድ ከነዚያ አንዱ ነው፤ አንድ የጥቁርና አንድ የነጭ ጉባኤ ተባብረው ያሠሩት። ዛሬ ሻው ውስጥ ውድ ኮንዶ አጠገብ ድሃ ቤተሰብ ሲኖር የምታዩት በአጋጣሚ አይደለም። ከዛሬ 50 ዓመት በፊት አንድ ቤተ ክርስቲያን መሬቱን ስለያዘ ነው።

ባቡሩ

ከንቲባ ማሪዮን ባሪ በ1986 14ኛውና ዩ ጥግ ላይ ሪቭስ የሚባለውን የመንግሥት ቢሮ አስገነቡ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛ በየቀኑ እዚያ ከገባ ምሳ የሚሸጥ ይከፍታል። ነገር ግን በዚያው ዘመን መንገዱ ለሜትሮ ባቡር ተቆፈረ። ከላይ ወደ ታች ነበር የሚቆፈረው። ዩ ስትሪት ለዓመታት ጉድጓድ ሆነ። እሳቱን የተረፈ ሱቅ ጉድጓዱን አልተረፈም።

ከተረፉት ጥቂቶች መካከል በ1958 የተከፈተው የቤንና የቨርጂኒያ አሊ ቤንስ ቺሊ ቦውል ምግብ ቤት እና የሊ ቤተሰብ የአበባ ሱቅ ይገኛሉ። ሁለቱ ቤተሰቦች የሚሠሩበት ሕንፃ የራሳቸው ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ ወጪ ቀንሰው፣ ሠራተኛ ቀንሰው ጠበቁ። ተከራይ ቢሆኑ ኖሮ ያን ያህል ዓመት መጠበቅ አይችሉም።

በግንቦት 1991 የዩ ስትሪትና የሻው ጣቢያዎች ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ከተማዋ በ1995 ከስራ ስለነበር ኮንግረስ የገንዘብ ተቆጣጣሪ ቦርድ ሾመባት። በ1997 ዋሽንግተን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው የ5 ሺህ ዶላር የፌዴራል ግብር ቅናሽ ተሰጠ። በታኅሣሥ 2000 ደኅና ገቢ ያለው ሸማች የሚያዘወትረው ሆል ፉድስ ፒ ስትሪት ላይ ሱፐርማርኬት ከፈተ። በ2003 ግዙፉ የስብሰባ ማዕከል ሻው ውስጥ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ከንቲባ አንተኒ ዊሊያምስ በአሥር ዓመት 100 ሺህ አዲስ ነዋሪ እናመጣለን ብለው ተነሱ።

አዲስ ነዋሪ ማለት ግብር ከፋይ ማለት ነው። ልጅ የሌለው፣ ጥሩ ደመወዝ ያለው ወጣት ለከተማ ካዝና ምርጥ ነዋሪ ነው፤ ይከፍላል፣ ትምህርት ቤት አይጠይቅም። ከንቲባው ክፉ አስበው አይደለም፤ ከተማዋ ገና ከኪሳራ መውጣቷ ነበር። ነገር ግን ቤቱ የሚሠራው፣ መንገዱ የሚጠገነው፣ ማስታወቂያው የሚጻፈው ለሚመጣው ሰው ሆነ። እዚያ ላለው ሰው የታሰበው ትንሽ ነበር።

ቁጥሩ የሚለውና የማይለው

በ1970 በዩ ስትሪትና ሻው ከአሥር ነዋሪ ዘጠኙ ገደማ ጥቁር ነበር። በ2010 ከአሥሩ ሦስቱ ያህል ቀሩ። ከተማዋ በሙሉ በ1970 ቆጠራ 71 በመቶ ጥቁር ነበረች፤ «ቸኮሌት ሲቲ» የተባለችው ለዚህ ነው። በ2011 ከግማሽ በታች ወረደች፤ በ2020 ቆጠራ 41 በመቶ ገደማ ሆነች። ጠቅላላው ሕዝብ ግን ከ2000 በኋላ እየጨመረ ነበር፤ በ2020 ወደ 690 ሺህ ደርሷል።

ገቢው ደግሞ እንዲህ ሄደ። በ2000 ቆጠራ የከተማዋ የአንድ ቤተሰብ መካከለኛ ገቢ 40 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በ2019 ከ92 ሺህ አለፈ። የዋጋ ንረቱን ብናስገባ ያ 40 ሺህ በ2019 ዶላር 60 ሺህ ቢሆን ነው። እውነተኛ ዕድገት አለ ማለት ነው። ሪፖርቱን የሚያነብ ባለሥልጣን ደስ ይለዋል።

እኔ ግን እዚህ ቁጥር ላይ ሁሌም እቆማለሁ። የአንድ ሰፈር ገቢ በሁለት መንገድ ያድጋል። ወይ እዚያ ያለው ሰው ኑሮው ይሻሻላል፤ ወይ ድሃው ወጥቶ ሀብታም ይገባል። ቆጠራው ሁለቱን አይለያቸውም። ለምሳሌ አሥር ቤተሰብ ያለበትን አንድ ግንብ ቤት እናስብ፤ ሁሉም በዓመት 30 ሺህ ያገኛሉ። አምስቱ ለቀው አምስት ጠበቃ ቢገቡ፣ እያንዳንዱ 150 ሺህ ቢያገኝ፣ የቤቱ አማካይ ገቢ ወደ 90 ሺህ ይወጣል። የቀሩት አምስት ቤተሰቦች ግን አንዲት ዶላር አልጨመሩም። የሚበሉት ያው፣ ሱቁ ግን ተወዶባቸዋል። የሄዱት አምስት ደግሞ ከቆጠራው ወጥተዋል፤ ሌላ ካውንቲ ሄደው የሌላ ሰፈር ድህነት ሆነው ይቆጠራሉ።

ዋሽንግተን ላይ የሆነው በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ነው። የከተማዋን ገቢ በዘር ከፍላችሁ ስታዩት የነጭ ቤተሰብ መካከለኛ ገቢ የጥቁሩን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። በ2019 ብሔራዊ የማኅበረሰብ መልሶ ኢንቨስትመንት ጥምረት ያወጣው ጥናት ከ2000 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ጥቁር ነዋሪዎች እንደተፈናቀሉ ገምቷል። በዚህ ዓይነት ለውጥ ጥድፊያም ከአሜሪካ ከተሞች አንደኛ አድርጓታል።

ሰው እንዴት ይወጣል? ፖሊስ ዕቃውን አውጥቶ መንገድ ላይ ሲጥል ይታየን ይሆናል። እንደዚያም ይሆናል። አብዛኛው ግን ድምፅ የለውም። አሮጊቷ የቤት ባለቤት ይሞታሉ፤ ስድስት ልጆች አሏቸው፤ አንዱ ሜሪላንድ አንዱ አትላንታ ነው፤ ኑዛዜ የለም፤ ሸጠው ይካፈላሉ። የተከራየው ቤተሰብ የኪራይ ቁጥጥር በሌለው አነስተኛ ቤት ውስጥ ነው፤ ውሉ ሲያልቅ አዲሱ ዋጋ ከደመወዙ ይበልጣል። የዋሽንግተን የኪራይ ቁጥጥር በአብዛኛው ከ1976 በፊት የተሠሩ ትልልቅ አፓርታማዎችን ነው የሚሸፍነው። ሴክሽን ኤይት (መንግሥት የድሃ ተከራይን ኪራይ የሚደጉምበት ፕሮግራም) ያለበት ሕንፃ ከመንግሥት ጋር የገባው ውል ያልቃል፤ ባለቤቱ ማደስ አይፈልግም።

ከሻው ወረድ ብሎ ቻይናታውን ጫፍ ላይ ሚዩዚየም ስኩዌር የሚባል 300 ያህል ቤቶች ያሉት ሕንፃ አለ። ከተከራዮቹ ብዙዎቹ አረጋውያን ቻይናውያን ነበሩ። ዋሽንግተን በ1980 ያወጣችው ሕግ ባለቤት ሕንፃውን ሊሸጥ ወይም ሊያፈርስ ሲል መጀመሪያ ተከራዩ እንዲገዛ ዕድል ይሰጠዋል። ባለቤቱ በ2014 ሊያፈርሰው አስቦ ለተከራዮቹ ዋጋ ጠራላቸው፦ 250 ሚሊዮን ዶላር። ተከራዮቹ ተከራከሩ። ፍርድ ቤት ይህ የእውነት የመሸጫ ጥሪ አይደለም ብሎ ፈረደላቸው። ሕጉ ባይኖር የሚከራከሩበት መሬት አልነበራቸውም።

እኛስ?

አበሻ ዋሽንግተን በብዛት የገባው ከደርግ ሸሽቶ፣ በተለይ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ማማ ደስታ የሚባለው ምግብ ቤት በ1978 በጆርጂያ ጎዳና ተከፍቶ ነበር፤ በከተማዋ ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ይቆጠራል። በ1980ዎቹ አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ላይ እነ ቀይ ባሕርና መስከረም መጡ። አዳምስ ሞርጋን ሲወደድ ወገናችን ወደ ምሥራቅ ተንሸራተተ፤ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው። ዱከም በ1997 ተከፈተ። እተቴና ሌሎቹም ተከተሉ።

ያኔ 9ኛው ጎዳና ላይ ብዙው በር በጣውላ የታሸገ ነበር። ኪራዩ ርካሽ ነበር። ርካሽ የሆነው ግን በማን ዕዳ ነው? በ1968 እሳት፣ በጉድጓዱ፣ በክራኩ፣ ባንክ ለጥቁር ነጋዴ ባለማበደሩ። እኛ የገባነው በሌላ ሰው ቁስል በተፈጠረ ክፍተት ነው። ይህን ማለት ነጋዴዎቻችንን መውቀስ አይደለም። ቀን ታክሲ ነድተው፣ ሌሊት ፓርኪንግ ጠብቀው፣ በዕቁብ ገንዘብ ወለል አንጥፈው፣ ማንም የማይፈልገውን መንገድ ሰው የሚመሽበት አድርገውታል። አከብራቸዋለሁ። ግን የቀደመውን ሳናውቅ ስም ለመስጠት መቸኮላችን ይከነክነኛል።

በ2005 አንዳንድ ነጋዴዎች በዩና ቲ መካከል ያለው 9ኛው ጎዳና «ሊትል ኢትዮጵያ» እንዲባል ጠየቁ። ሎስ አንጀለስ በ2002 ፌርፋክስ ላይ ያን ስም አግኝታ ነበር። የጥቁር ነዋሪዎች መልስ ግን ከባድ ነበር። አያቶቻችን ብላክ ብሮድዌይን የገነቡበት መንገድ ነው፣ እናንተ ትናንት የመጣችሁ ናችሁ አሉ። የእኛ ሰዎችም ቅር አላቸው፤ ሰፈሩን ያነሳነው እኛ አይደለን? አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ያሳዘነኝ ግን ሁለቱ ሲከራከሩ ሕንፃው በሦስተኛ ሰው ስም መሆኑ ነው። በብዙዎቹ በሮች ስሙን የጠየቀውም ሆነ የተቃወመው ተከራይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። የንግድ ቤት ኪራይ በአብዛኛው የሚፈረመው የሕንፃውን ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ተከራዩ እንዲከፍል በሚያደርግ ውል ነው። ሰፈሩ ሲያምር የመሬቱ ግምት ይጨምራል። ግምቱ ሲጨምር ግብሩ ይወጣል። ግብሩን የሚከፍለው ደግሞ እንጀራ ሻጩ ነው። ሰፈሩን ባሳመረ ቁጥር የራሱን ወጪ ያንራል ማለት ነው። የግብር ወረቀቱ ከኪራዩ ጋር ሲደመር የቀን ሽያጩ አይችለውም። በሌላ ወገን ደግሞ ደንበኛው ራሱ ርቆ ሄዷል። ታክሲ ነጂው ቤት የገዛው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ፍለጋ ዩ ስትሪት ድረስ አይመጣም። ምግብ ቤቶቹም ሰዉን ተከትለው ሄዱ። የቀሩት ወይ ሕንፃውን ቀደም ብለው የገዙ፣ ወይ ረጅም ውል የያዙ፣ ወይ ደንበኛቸው ፈረንጅ የሆነላቸው ናቸው።

የቀሩት ሰዎች

ሻው ውስጥ ድሃው ሙሉ በሙሉ አልወጣም ብያለሁ። የአብያተ ክርስቲያናቱ ቤቶች አሉ። መቅረት ግን ሌላ፣ ሰፈሩ የራስ ሆኖ መቀጠል ሌላ ነው። በ2008 የውሻ መጫወቻ ፓርክ ሻው ውስጥ ተከፈተ፤ በከተማዋ ከመጀመሪያዎቹ ሕጋዊ የውሻ ፓርኮች አንዱ። የጠየቁት በአብዛኛው አዲስ ነዋሪዎች ነበሩ። ለዓመታት የወጣቶች መዋያ ሲጠይቁ የነበሩ እናቶች ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። በ2010 ከንቲባ አድሪያን ፌንቲ ሲሸነፉ ድምፁ በዘር ተከፍሎ ነበር፤ የብስክሌት መንገድና የውሻ ፓርክ በምርጫው ክርክር ደጋግመው ተነስተዋል። በ2015 ዩናይትድ ሃውስ ኦፍ ፕሬየር የተባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን 6ኛው ጎዳና ላይ የታቀደውን የብስክሌት መስመር ተቃወመ። ምእመናኑ ከሰፈሩ ርቀው ስለሄዱ እሑድ የሚመጡት በመኪና ነው፤ መኪና ማቆሚያ ከጠፋ ቤተ ክርስቲያናቸው ጠፋ ማለት ነው። ለአዲሱ ነዋሪ ነገሩ የብስክሌት ደኅንነት ነበር። ለእነሱ ግን ወደ ሰፈራቸው የመመለሻ የመጨረሻዋ መንገድ ነበረች። ሊንከን ቴምፕል፣ ያን አፓርታማ ካሠሩት ጉባኤዎች አንዱ፣ ምእመናኑ ተመናምነው በ2018 ተዘጋ። አፓርታማው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ዕድሜ አገኘ።

በሚያዝያ 2019 ደግሞ 7ኛውና ፍሎሪዳ ጥግ ላይ ያለች የስልክ ሱቅ ለዓመታት በድምፅ ማጉያ የምታሰማውን ጎ-ጎ ሙዚቃ አጠፋች። ጎ-ጎ የዋሽንግተን ጥቁሮች የራሳቸው ሙዚቃ ነው። ምክንያቱ አጠገቡ ካለ አዲስ ቅንጡ አፓርታማ የመጣ ቅሬታ ነበር። ሕዝቡ ጎዳና ወጥቶ ጨፈረ፣ ፊርማ አሰባሰበ፤ የስልክ ኩባንያው ኃላፊ ሙዚቃው ይቀጥል አሉ። በየካቲት 2020 ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ጎ-ጎን የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። ደስ ይላል። ኪራይ ግን በዚያ ሕግ አልቀነሰም።

አሁን ዓይን የሚጣልበት 14ኛውና ዩ ጥግ ያለው የሪቭስ ቦታ ነው። ከተማዋ መሬቱን መልሳ ልታለማው ወስናለች፤ የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ኤን ደብል ኤ ሲ ፒም ዋና መሥሪያ ቤቱን ከባልቲሞር ወደዚያ ለማምጣት አስታውቋል። መሬቱ የሕዝብ ነው። ስለዚህ ስንት ቤት ለስንት ገቢ እንደሚሠራ፣ ከታች ያሉት ሱቆች በምን ውል ለማን እንደሚሰጡ መጠየቅና ማስወሰን ይቻላል። ከፎቅ ባለቤት ጋር ከመደራደር ይህ ይቀላል።

አበሻ ነጋዴዎችም በእነዚያ ስብሰባዎች ቢገኙ እመኛለሁ። ለተከራይ የመጀመሪያውን የመግዛት ዕድል የሚሰጠው የ1980ው ሕግ የሚሠራው ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። ምግብ ቤት፣ ገበያና ፀጉር ቤት አይሸፍንም። ነጋዴው ሕንፃው ሲሸጥ ቀድሜ ልግዛ ማለት የሚችለው ያንን መብት ራሱ ውሉ ላይ ካስጻፈ ነው። ማስጻፊያው ጊዜ ደግሞ ሲፈርም ነው፤ ሰፈሩ ከተወደደ በኋላ ማንም ባለ ሕንፃ አይሰጠውም።